ቡሪን የመረጥኩት እኔ ነኝ

ልጆች ይዞ ካርቱም የሚገባ የአገራችን ሰው ሁሉ ስለ ሰፈርና ስለ ትምህርት ቤት የሚያማክረው እኔን ነው። ዛሬም አንዱ ለልጁ የገዛውን ዩኒፎርም እንደያዘ መጣና፣ «ጋሼ፣ የት ልከራይ?» አለኝ። የአዲሱ ጨርቅ ሽታ ግን ወደ ልጄ ወደ ሰሚራ ልጅነት ወሰደኝ።

እኔ ዓረብኛን ያለ አስተማሪ፣ የሱቅ ጽሑፍ እያነበብኩ ያወቅኩ ሰው ነኝ። ስንሰደድ ሌላው ሁሉ ሳጃና፣ ሐበሻው መሐል ሲገባ፣ እኔ የሱዳኖቹ ሰፈር ቡሪ ተከራይቼ ሰሚራን ከሱዳን ልጆች ጋር ትምህርት ቤት አስገባኋት። ባለቤቴ ዘይነባ፣ «እኔስ ከማን ጋር ላወራ ነው?» ብትለኝም አልሰማኋትም። በዓመቱ ሰሚራ ዓረብኛውን ታንበለብለው ጀመር።

ያን ጊዜ ዘይነባ እርጉዝ ነበረች። አንድ ቀን ሲያማት ሰሚራን ከነዩኒፎርሟ ይዘን ሐኪም ቤት ሄድን። ማስተርጎም ሳያቅተኝ፣ ሐኪሙ የልጄን ጉብዝና እንዲያይልኝ ብዬ፣ «ያላ ሰሚራ፣ አንቺ አስተርጉሚ» አልኳት። ሐኪሙ የዘይነባን ሆድ ደጋግሞ መረመረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ፤ እያዘነልኝ «ማዕሌሽ» አለኝ። አፌን ሳልከፍት ሰሚራ ቀደመችኝ።

«እማ፣ ሕፃኑ ሞቷል ይላል።»

ቃል ሳትስት ስለተረጎመች ጎበዝ እንድላት ፈገግ ብላ አየችኝ። ዘይነባ ግን እኔን ነበር የምታየው። የሰማችውን እንዳልሰማች ሁሉ «ምን አለች?» አለችኝ።

ሰሚራ ዛሬ በዓረብኛ ተምራ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች፤ የሚስተካከላት የለም። እናቷ ባለችበት ግን አንዲት የዓረብኛ ቃል ከአፏ አትወጣም።