በብብት የተደበቀ ትኩሳት

ወንድሜ ሶማሌ ተራ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከእሱ ራቅ ብዬ ሸማ ተራ ነጠላ እሸጣለሁ። በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል፤ ያሳደገኝም እሱ ስለሆነ ከ"ወንድም ጋሼ" ሌላ ጠርቼው አላውቅም። ማንንም ቶሎ አያምንም። የጨርቅ ጣቃ ሲመጣለት የላይኛውን ትቶ ከመሃል ስቦ ያያል። እኔም ይህን ጠባይ ከእሱ ወርሻለሁ።

ሆዱ ውስጥ የሚመታ ነገር እንዳለ ያወቀው አንድ እሑድ ጋደም ብሎ እጁን እምብርቱ ላይ ሲያሳርፍ ነው። ልክ እንደ ልብ ድም ድም ይላል። ሆስፒታል ወሰድነው። አንድ የውጭ አገር ሐኪም ደጋግሞ ዳሰሰውና በአስተርጓሚ ነገረን። ከልብ ተነሥቶ በሆድ በኩል ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር ሳስቶ እንደ አሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ተነፍቷል፤ ከፈነዳ ሰውየው አያድርም። ያበጠው ወጥቶ በምትኩ ከጨርቅ የተሠራ ቱቦ ይሰፋለታል።

"ጨርቁን ያሳዩኝ" አለ ወንድሜ።

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ አስመጣለት። ወንድሜ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው፣ ወደ መስኮቱ አዙሮ በብርሃን አየው፣ ጫፉን ሳበው።

"ሽመናውስ ጥሩ ነው" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ግን ጨርቅ ሆድ ውስጥ ስንት ዓመት ይኖራል? ይህን አልነገሩኝም።"

ያም ሆኖ ፈረመ። ከሆዱ አንሥቶ እስከ ሁለቱ ብሽሽቶቹ ቀደዱት፤ ከሰዓት በኋላ በሕይወት ወጣ።

ነገሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነጭ ካፖርት የለበሰ አንድ ቀጭን ሰው በየሁለት ቀኑ ጠዋት እየመጣ ደሙን ይቀዳዋል። የወንድሜ ሚስት መርፌውን ባየች ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል።

"ዛሬም ወሰደ" ትለኛለች። "የታመመ ሰው ደም ምን ይሠራለታል? ይሸጡታል እንጂ።"

እኔም ልቤ ከእሷ ጋር ነበር። የሚቀዳውን በዓይኔ እለካለሁ፤ የሰውየውን ኪስ ሳይቀር አያለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አላስቻለኝምና ከኋላው ተከትዬው ሄድኩ። በረንዳውን አልፎ አንዲት ጠባብ ክፍል ገባ። እኔም በሩ ላይ ቆምኩ።

"ምን ፈለግሽ?" አለኝ።

"የወንድሜን ደም የት እንደምታደርሰው ለማየት ነው።"

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ "ግቢ" አለኝ። እንጨት ላይ ቀጥ ብለው የተደረደሩ፣ ከእርሳስ የቀጠኑ የመስታወት ቱቦዎች አሳየኝ። ደሙን አንዱ ውስጥ ሳበና አቆመው።

"አንድ ሰዓት ይቆማል" አለኝ። "ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ውሃ የመሰለው ይቀራል። የጤነኛ ሰው ደም ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ሰውነቱ ውስጥ የተቆጣ ነገር ያለበት ሰው ደም ግን ይፈጥናል።"

ሰዓቱ እስኪሞላ አልሄድኩም። እሱም ጎንበስ ብሎ መስመሮቹን ቆጠረ፤ ደብተሩን ገልጦ የፊተኞቹን አየና ተመልሶ ቱቦውን ቆጠረ።

"ምነው?" አልኩት።

"ከቀዶ ሕክምና በኋላ መፍጠኑ ያለ ነው። የእሱ እየቀነሰ መጥቶ ነበር። አሁን ተመልሶ ፈጥኗል፤ ከባለፈውም ብሷል። የሙቀት ወረቀቱ ደግሞ ትኩሳት የለውም ይላል። ወይ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ወይ ወረቀቱ ይዋሻል። ነገ እደግመዋለሁ።"

ደሙን ይሸጣል ያልኩት ሰው ራሱን ሲጠረጥር ሳይ አፈርኩ። ጥርጣሬዬ ግን አልጠፋም፤ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ወንድሜ ሐሙስ ሊወጣ ነው፤ ምግብ ይበላል፣ ይስቃል፣ ሰው ሲጠይቀው "ዳንኩ" ይላል። መቼም እንዲህ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሳይጠብቀኝ በማለዳ ሄድኩ። ነርሷ ቴርሞሜትሩን ብብቱ ውስጥ አድርጋ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ወንድሜ ቴርሞሜትሩ ገላውን እንዳይነካ ከጋቢው ሥር ክንዱን ከፈት አድርጎ ያዘ። ስትመለስ ጠበቅ አደረገው። አንብባ ጻፈችና ሄደች። ጠጋ ብዬ እጄን በጀርባው አስገባሁ። ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ ገላው ይጋረፋል።

"ወንድም ጋሼ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

"ዝም በይ። ሐሙስ ይለቁኛል።"

"እንዲህ እየነደድክ?"

"ካወቁ እንደገና ይቀድዱኛል። ከዚያ አልነሣም፤ ይታወቀኛል። ቤቴ ልሂድ፤ የሚሆነው እዚያው ይሁን።" እጄን ያዘ። "ያሳደግኩሽ ከሆነ አትናገሪ።"

በረንዳው ላይ ብዙ ቆምኩ። ያሳደገኝ ሰው ለመነኝ፤ የማላምነው ሐኪም ደግሞ በደረጃው እየወጣ ነው። አስተርጓሚውን ጠርቼ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት።

በዚያው ቀን የግራ ብሽሽቱን ስፌት ፈቱት። ላዩ የደረቀ ይመስል ነበር፤ ውስጡ ግን መግል ቋጥሯል። ጨርቁ ጋ ሊደርስ ጥቂት ነበር የቀረው፤ ደርሶ ቢሆን ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር አሉን። አጥበው ክፍት ተዉት፤ መርፌ በየሰዓቱ ይወጋ ጀመር። ደሙ ቀስ ብሎ መዝቀጥ እስኪጀምር ሌላ ወር ከግማሽ ተኛ።

ያን ሁሉ ጊዜ አላናገረኝም። ምግብ ሳመጣለት ወደ ግድግዳው ይዞራል።

ከወጣ በኋላ ሚስቱ ሱቄ መጥታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ነጠላ እየገለጠች፣ ዓይኔን ሳታይ፣ "አውቅ ነበር" አለችኝ። "የራሰውን ሸሚዝ እኔ ነበርኩ ከደረቁ ጋር የምለውጠው። አስምሎኝ ነው።"

ደሙን ይሸጡታል እያለች ጥርጣሬዬን ወደ ላቦራቶሪው ሰው ስትመራ የከረመችው እሷ ናት። ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ግን እኔም በረንዳው ላይ ዝም ልል ምንም እንዳልቀረኝ ትዝ አለኝ። ሻይ አዘዝኩላት።

ወንድሜ የፋሲካ ዕለት እቤቴ መጣ። "እንኳን አደረሰሽ" አለኝ፤ አጎረሰኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። አመሰግናለሁም፣ በድለሽኛልም አላለኝ፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም።