በልጄ በር ላይ የቆምኩበት ጠዋት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው የበረዶ ወራት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አሜሪካ፣ ሪችፊልድ በምትባል ከተማ በምንኖርበት አፓርታማ ውስጥ ነው። በሕንፃው የነበረ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሳቱ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያባንነኝ ግን እሳቱ አይደለም። ጭስ ወደ ቤታችን እየገባ ሳለ፣ የልጄን ክፍል በር እጀታ ይዤ ልክፈት አልክፈት እያልኩ መቆሜ ነው። ለምን እንደቆምኩ ካልተናገርኩ ሰው ሞኝ ነው ይለኛል። ተናግሬም ሊለኝ ይችላል። ቢሆንም እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ፊደል የለየሁት ራሴን በራሴ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ኤርፖርት መንገደኛ በማመላለስ ነው የምተዳደረው፤ ጠዋት ጸሎቴን ሳላደርስ መኪና አስነስቼ አላውቅም። ልጆቼንም ያሳደግኳቸው በዚሁ ሥርዓት ነው። ሰዓት ይከበራል፣ የተጀመረ ነገር ያልቃል፣ ቤት ውስጥ ጫማ አይደረግም። ጨካኝ ነው ያሉኝ አሉ። ልጆቼ ግን አንዳቸውም መንገድ ላይ አልወደቁም።

የመጨረሻዋ ልጄ ፌቨን ከእኛ ጋር ናት። ሴንት ሉዊስ ፓርክ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። አንዲት የምትወዳቸው አሮጊት እጇ ላይ ከሞቱባት በኋላ እንቅልፍ እምቢ አላት። ጭንቀት ያዛት። ሐኪም አየቻት፣ ጸበልም አስጠጣናት። እየዋለ እያደረ፣ ጠዋት ጠዋት ከክፍሏ ድምፅ መስማት ጀመርኩ። በማላውቀው ቋንቋ አንዲት አጭር ነገር ደጋግማ ትላለች። ትልና ትልና ዝም ትላለች። ደግሞ ትጀምራለች።

ሦስት ጠዋት ያህል ታግሼ ጠየቅኳት።

«ምንድን ነው እሱ የምትይው?»

«ቻንቲንግ ነው አባዬ። ቡድሂስቶች ደጋግመው የሚሉት ጸሎት ነው። ሥራ ቦታ አንዲት የቲቤት ሴትዮ አሉ፣ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ጀስት ለጭንቀት ነው።»

«ለጭንቀት ጸበል አለልሽ።»

«ጸበሉንም እኮ ጠጣሁ። ይሄንንም ልሞክረው።»

እናቷ ጣልቃ ገባች። «ተዋት እባክህ፤ ትናንት ሌሊት እኮ ተኛች» አለችኝ። እኔ ግን በዚያን ቀን መሪ ይዤ ስዞር ስለ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

የፈራሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማንም ክርስቲያን አባት የሚፈራው ነው፤ ልጄ ከእምነቷ ትወጣለች ብዬ። ሁለተኛውን ግን ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ባደግኩበት አገር፣ በማይታወቅ ቋንቋ ቃል እየደጋገመ ክፍል ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ደጋሚ ነው። ደጋሚ ደግሞ ከጀመረ ከመሃል አይቋረጥም። ከተቋረጠ ያብዳል ይባላል። በሰፈራችን አንድ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ወንዝ ዳር ተቀምጦ ሲደግም ወንድሙ ሳያውቅ በስሙ ጠራው አሉ። እኔ የማውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ልብሱን ጥሎ፣ ለራሱ እያወራ በገበያ መካከል ሲሄድ። ልጅ ሆኜ ከርቀት ሳየው እሸሽ ነበር። እድሜዬ ገፍቶ፣ መጽሐፍ አንብቤ፣ ባሕር ተሻግሬም ያ ፍርሃት ከውስጤ አልወጣም።

ፌቨን ደግሞ ሥርዓት አልነበራትም። ጀምራ ስልክ ይጠራል፣ ታቋርጣለች። ጀምራ ቡናዋ ይገነፍላል፣ እየሮጠች ትወጣለች። እሷ ባቋረጠች ቁጥር እኔ ሳሎን ሆኜ ብድግ እላለሁ። ፊቷን አያለሁ፤ ዓይኗ ደህና ነው? ንግግሯ ደህና ነው? ስሟን ጠርቼ ምናምንቴ ነገር እጠይቃታለሁ።

በመጨረሻ እራት ላይ ተናገርኩ። «ስሚ፤ እኔ ይሄን ነገር አልወደውም። አትበይው ብልሽ ደብቀሽ ትያለሽ። ስለዚህ ካልሽ አይቀር በሥርዓት በይው። በአንድ ሰዓት ጀምሪ፣ ስልክሽን አጥፊ፣ ተስተካክለሽ ተቀመጪ። ከጀመርሽ ደግሞ ሳትጨርሺ እንዳትነሺ።»

ትንሽ አየችኝና ሳቀች። «እሺ ኮች!» አለችኝ።

እናቷም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ በኋላ ግን ያልኳትን አደረገች። በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት፣ ከሴትዮዋ የተሰጣትን መቁጠሪያ ይዛ፣ ከስልኳ የሚመራትን ድምፅ ጆሮዋ ላይ በምታደርገው ትልቅ ማዳመጫ እየሰማች ትላለች። መቁጠሪያውን አንድ ጊዜ ዞራ ስትጨርስ ትነሳለች። እኔም እሷ ጨርሳ እስክትወጣ ከሳሎን አልነቃነቅም። ሰው ቢያየኝ ልጄን የማበረታታ ይመስለዋል። ፈርቼ እየጠበቅኳት ነበር።

በዚያ ቅዳሜ እናቷ ሥራ ላይ ነበረች። ፌቨን ከጀመረች ጥቂት እንደቆየች የሕንፃው አላርም ጮኸ። በእኛ ሕንፃ አላርም መጮህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አንዱ ዳቦ ያሳርራል፣ ሌላው ዘይት ረስቶ ይወጣል። ማንም ከቤቱ አይወጣም። እኔም ይቆማል ብዬ ተቀመጥኩ። አልቆመም። ከዚያ የጎማ ሽታ የመሰለ ነገር ሸተተኝ። ወደ መውጫው በር ስሄድ ከበሩ ሥር ግራጫ ጭስ ወለሉን ይዞ እየገባ ነው።

ሮጬ የልጄ በር ላይ ደረስኩ። እጀታውን ያዝኩ።

ውስጥ እሷ እያለች ነው። አላርሙን አልሰማችም፤ ጆሮዋ ተደፍኗል። ድምፅዋ ረጋ ብሎ፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ይወርዳል። መካከል ላይ ናት።

እጄ አልዞር አለኝ። እውነቱን ነው የምጽፈው። ከኋላዬ ጭስ አለ፣ ከፊቴ ልጄ አለች፣ እኔ ግን የማየው ልብሱን የጣለውን ሰውዬ ነው። ትጨርስ፣ ትንሽ ነው የቀራት፣ አሁን ትጨርሳለች እላለሁ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ሳል ሲይዘኝ እንኳ እንዳትሰማኝ አፌን በእጄ ይዤ ነበር።

ከዚያ የመውጫው በር ተደበደበ። ፊት ለፊታችን የሚኖረው ሶማሌው ዑመር ነው። «ሽማግሌው! ውስጥ ነህ? ምን ትጠብቃለህ? ጭሱ የእውነት ነው!» እያለ በእንግሊዝኛ ይጮሃል። ሰውየው የራሱን ልጆች አስወጥቶ ለእኛ ተመልሶ ነው የመጣው። ቆይቶ ነው ያወቅኩት።

ያኔ በሩን ከፈትኩ።

ፌቨን ምንጣፍ ላይ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። ብርድ ልብስ ከአልጋዋ ስቤ አለበስኳትና ክንዷን ያዝኩ። ዓይኗን ገልጣ ስታየኝ ድምፅዋ ቀጥ አለ። ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቀልኩና የወጣኝ የመጀመሪያ ቃል «እሳት ነው» አልነበረም።

«አታቁሚ! እያልሽው ተነሺ!» ብዬ ጮኽኩባት።

«ዋት? አባዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«አታቁሚ ብዬሻለሁ! እያልሽ ውጪ!»

ልትል ሞከረች፤ ጭሱ አሳላት። ኮሪደሩ ውስጥ ከራሳችን በላይ ምንም አይታይም። ዑመር የስልኩን መብራት ይዞ ከፊት ይመራናል፣ «ጎንበስ በሉ፣ ግድግዳውን ያዙ» ይለናል። ልጄ ቃሉን ትጀምርና ሳል ይቆርጣታል፣ ትጀምርና ይቆርጣታል። ደረጃው ላይ ስንደርስ ጨርሶ ጠፋባት። ክንዴን ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

እኔ ያልኩት ያኔ ነው። እኔ፣ ለሌላ አምላክ አፌን ከፍቼ የማላውቀው ሰውዬ፣ ልጄን ደረጃ እያወረድኩ ያንን ቃል አልኩ። ማንም አላስተማረኝም። ስንት ወር ሙሉ በግድግዳ ሳዳምጥ ገብቶብኝ ኖሯል። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። አንዴ አልኩ፣ ደገምኩ፣ እሷም እያለቀሰች ከኋላዬ ተቀበለች። ሦስት ፎቅ እንዲህ ሆነን ወረድን። ዑመር መሃል ላይ ዞር ብሎ አየኝና መንገዱን ቀጠለ።

ውጭ ብርዱ ፊት ይቆርጣል። ፌቨን በካልሲ ብቻ በረዶ ላይ ቆማለች። እሳት አደጋዎች ሲገቡ እኛን ለማሞቂያ በመጣ የከተማ አውቶቡስ ውስጥ አስገቡን። ተቀመጥን። እኔ አሁንም እያልኩ ነበር።

«አባዬ፣ ስቶፕ። ወጥተናል እኮ።»

«ስንት ይቀርሻል?» አልኳት።

«ምኑ?»

«መቁጠሪያው! ለመጨረስ ስንት ይቀርሻል?»

ፊቴን አየችው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ የሰፈራችንን ሰውዬ፣ በየጠዋቱ ለምን ሳሎን እንደምቀመጥ፣ በሩ ላይ ለምን እንደቆምኩ። ብታቋርጥ ምን ይደርስባታል ብዬ እንደምፈራም ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«በሩ ላይ ቆመህ ነበር? ጭሱ እየገባ?»

«ቆሜ ነበር።»

ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ እኔ እኮ ሁልጊዜ አቋርጣለሁ። ምንም አይሆንም። ሴትዮዋ ራሳቸው ስልክ እያነሱ ነው የሚሉት። ብሞትስ ኖሮ?»

ካልሲዋ ርሶ ነበር፤ እግሯን በእጄ ይዤ አሸሁላት።

እሳቱ የተነሳው ከእኛ በታች ካለው ፎቅ ማብሰያ ቤት ነው። ሰው አልሞተም። ዑመርን ቤቱ ሄጄ አመሰገንኩት፤ «ደረጃው ላይ የምትሉት ጸሎት የእናንተ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የልጄ ነው» አልኩት። በዚያ አለፍነው።

ለንስሐ አባቴ ግን ነገርኳቸው። «ወደህ ነው ያልከው?» አሉኝ። «ፈርቼ ነው» አልኩ። ስግደት ሰጡኝ፣ ልጄንም እንዳልርቃት አዘዙኝ። ጨምረውም፣ «ደግሞ ለሌላ ጊዜ መጀመሪያ እሳት አደጋ ጥራ» አሉ፤ ሲቆጡ ይሁን ሲቀልዱ አልገባኝም።

ስግደቴን ፈጽሜአለሁ። ልጄ አሁንም ጠዋት ጠዋት ትላለች፣ አሁንም አልወደውም፣ አሁንም ሳሎን ተቀምጬ አዳምጣለሁ። የድሮው ፍርሃት ጨርሶ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልለቀቀ በአንድ ጠዋት አይለቅም። ልጆች ላሏችሁ የምመክረው አንድ ነገር ነው። የምትፈሩትን ነገር ለልጆቻችሁ በጊዜ ንገሯቸው። እኔ አፍሬ ዝም ብዬ ስለቆየሁ፣ ሊገድላት የነበረው ጭሱ ብቻ አልነበረም።

እንዲያ ያለ ቀን ደግሞ ቢመጣ ቃሉን ድጋሚ እላለሁ ወይስ አልልም፣ አላውቅም። ግን መጀመሪያ በሩን እከፍታለሁ።