በቁም የወረደ ሙሾ

ሰቆጣ ውስጥ አረጋውያን መጦሪያ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ሥራዬ ማጠብ፣ ማብላትና መጨቃጨቅ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከምሳ በፊት ተሰብስበን እንዝፈን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ሥልጠና ላይ አብሮ መዝፈን ለሽማግሌ ትንፋሽም ለሆዱም ደግ ነው ብለውን፣ እኔ ሞኟ የምሬን ይዤው መጣሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ያስተማሩ የኔታ አሉን፤ “እኔ ዘፈን ያለበት አልቀመጥም” አሉና ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አዞሩ እንጂ አልወጡም። ከደሃና የመጡ አንድ ገበሬ የአጨዳ ዘፈን ጀመሩ፤ መሀል ላይ ግጥሙ ሲጠፋባቸው በሬዎቻቸውን በየስማቸው መጥራት ያዙ።

“እርስዎስ እማማ?” አልኳቸው ከዚሁ ከዋግ፣ ከዝቋላ የመጡትን አሮጊት።

“እኔ ሙሾ እንጂ ሌላ አላውቅም።”

ለካ አገር ያወቃቸው ሙሾ አውራጅ ኖረዋል! በአማርኛም በኽምጥኛም፣ ሰው ሞተ ሲባል በእግራቸው ተጉዘው ለቀስተኛውን ሲያስለቅሱ ነው የኖሩት። ሙሾ እዚህ አይሆንም ብዬ ተቆጣሁ። እሳቸውም፣ “አገሩን ሁሉ አልቅሼ ሸኘሁ። ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። እኔን ግን አንድ ሰው ሳያለቅስልኝ አፈር ሊያለብሱኝ ነው” አሉ።

“ኧረ ይተዉ እማማ!” አልኩ። ከዚህ የተሻለ ነገር ባለማግኘቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

በሳምንቱ ገበሬው ተነሡ። “እኔ ስሞት የሚሉትን አሁን ይበሉልኝ፤ ያኔማ የት እሰማዋለሁ!” ብለው አግዳሚው ወንበር ላይ ተጋደሙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ወይኔ ከማለቴ እማማ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው አወረዱት፦

“አራት በሬ ጠማጅ፣ የደሃናው ጌታ፣
ገብሱን ማን ይጨደው፣ አንተ ብትረታ።”

ሁሉም ተቀበለ፤ እኔም ሳላስበው እንባዬ ዱብ አለ። ገበሬው ግን ዓይናቸውን ከፈቱና፣ “ስድስት! በሬዎቼ ስድስት ናቸው!” አሉ።

“ሬሳ አይናገርም፤ ይተኙ!” አሏቸው እማማ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛቸው? ሁሉም የራሱን ሙሾ ፈለገ። አንዷ አሮጊት የወጣትነት መልካቸው ካልተነሣ ምሳ አልበላም ብለው አኮረፉ። የኔታም ፊታቸው ግድግዳው ላይ እንደሆነ፣ “ይህ ሥርዓት አይደለም” ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “የእኔ ሲደርስ ድጓ ማስተማሬ እንዳይረሳ” አሉ።

ክረምቱ ሲገባ እማማ አልጋ ያዙ። ሐኪሙ ጉንፋን ነው፣ ይበሉ እንጂ ይድናሉ አለ። እሳቸው ግን እህል እምቢ አሉ፤ ጠዋት የሰጠኋቸው ሾርባ ማታም እዚያው አለ። “ተዪኝ ልጄ፣ ለማን ብዬ?” አሉኝ። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው፣ በጣም ፈራሁ።

ለሌሎቹ ነገርኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ተኮራርፈው፣ ተሰዳድበው አንድ ነገር ገጠሙ። ማክሰኞ ወንበሮቹን እማማ ክፍል አስገባን። ዘፈን ያለበት አልቀመጥም ያሉት የኔታ እውነትም አልተቀመጡም፤ ቆመው በመቋሚያቸው ወለሉን እየመቱ መሩን፦

“ሁሉን ያስለቀሰች፣ ሁሉን የሸኘችው፣
እኛን ለማን ትታ ወዴት ልትሄድ ነው።”

ገበሬው በአጨዳ ዜማ ተቀበሉ። ባለ መልኳ አሮጊት ደረት ሲመቱ ሳል ያዛቸው። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዳዞሩ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ አለቀሱ ብዬ ጠጋ አልኩ።

እሳቸው ግን ቀና ብለው ተቀመጡ። “የኔታ! ይሄ ቤት ይመታል? አገሬ ዝቋላስ የት ሄደች? እርስዎም ባለ በሬው፣ ሴትዮ እየቀበሩ ነው ወይስ ገብስ እያጨዱ?” ጉንጫቸው ግን ርሶ ነበር። “በዚህ ሙሾማ አልቀበርም! በሚቀጥለው ማክሰኞ እንደገና። አንቺ ደግሞ ምን ትገተሪያለሽ? ሾርባውን አምጪው፣ በባዶ ሆድ አይጮኽም።”

ይኸው እስካሁን ማክሰኞ ማክሰኞ እማማን እንቀብራለን። ዝቋላ ግጥሙ ውስጥ ገብታለች፣ ቤቱም መምታት ጀምሯል፤ ባለፈው ጊዜማ አንድ እንከን ሳይገኝበት ሊያልቅ ምንም አልቀረው። የኔታ፣ መጨረሻው ላይ ሆን ብዬ እየተሳሳትኩ የማበላሸው እኔ መሆኔን ደርሰውበታል፤ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩኛል፣ ግን ለእማማ አልነገሩብኝም።