ከአጥሩ ውጭ የሚቀመጠው ሥጋ

ጥንብ አንሳን መመገብ ሥራ ነው ብል የሚያምነኝ ጥቂት ነው። እኔ ግን ደመወዝ የሚባለውን ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበልኩት በዚያ ሥራ ነው። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜ፣ ቃሊቲ አክስቴ ጋ ተቀምጬ በየሰው ቤት ልብስ አጥብ ነበር። ከሰው ጋር መነጋገር ስለሚጨንቀኝ አንድ ጊዜ ያሠራኝ ሰው ሁለተኛ አይጠራኝም። እትዬ የምላቸው አሠሪዬ ግን ሲቀጥሩኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዝም ማለት ትችያለሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«በቃ፣ ትሆኚኛለሽ።»

እትዬ የባዮሎጂ ባለሙያ ናቸው። ቁጥራቸው እየተመናመነ ያለ የዱር እንስሳትን እንዲጠብቁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መድቧቸዋል። አቃቂ ወንዝ አጠገብ፣ ከአንድ ቄራ ጀርባ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነበራቸው። በግቢው ውስጥ ረጅም ባሕር ዛፍ አለ፤ ዛፉ ላይ ደግሞ የጥንብ አንሳ ጎጆ። በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ እንደሚጥሉ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ከተማው በየጊዜው ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ያስገድላል፤ የሞተውን ቶሎ የሚቀብር ስለሌለ ወፎቹ ይበሉታል፤ በልተውም እዚያው ይወድቃሉ። እትዬ በአንድ የውሻ ሬሳ ዙሪያ ስንት ወፍ ወድቆ እንዳዩ ሊነግሩኝ ጀምረው ነበር፤ መጨረስ ግን አልቻሉም።

ስለዚህ ወፎቹ ወደ መርዙ እንዳይሄዱ ንጹሕ ሥጋ እናቀርብላቸዋለን። በየጠዋቱ ሰው የማይገዛውን ሳንባና ጣፊያ ከቄራው በእጅ ጋሪ ጭኜ አመጣና ግቢው ውስጥ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እዘረጋዋለሁ።

የቄራው ወንዶች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ይጀምራሉ።

«የአሞራ እናት መጣች፣ መንገድ ልቀቁ።»

«ለልጆችሽ ለስላሳ ለስላሳውን እንምረጥ ወይስ ጥርስ አብቅለዋል?»

አንገቴን ደፍቼ ጋሪዬን እሞላለሁ። ማታ ወደ ቤት ስመለስ ደግሞ የታክሲው ወያላ፣ «እህት፣ መስኮቱ ጋ ሁኚ፤ ለሁላችንም ይሻላል» ይለኛል። ተሳፋሪው ይስቃል። እኔም መስኮቱን እከፍታለሁ።

ጋሪው የሚሸተው ለወፍ ብቻ አይደለም። የሰፈሩ ውሾች እየተከተሉኝ በቆርቆሮው ሥር ሾልከው ይገቡና ወፎቹን ያባርሩ ጀመር። እትዬ ይህን ሲያዩ፣ «ሥጋውን ለሁለት ክፈይው። ግማሹን ከአጥሩ ውጭ አድርጊላቸው። እዚያ ከጠገቡ እዚህ አይገቡም» አሉኝ። እውነትም መግባት ተዉ። በአቅራቢያው ባለው ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ካሉት ምግብ ቤቶች ሳይቀር ወሬው ደርሷቸው ነው መሰል፣ በየቀኑ እየበዙ መጡ። እኔን ሲያዩ ተሰልፈው እንደሚጠብቁ ሰዎች በአጥሩ ጥግ ይቀመጣሉ።

ከነሱ መካከል አንድ ጆሮው የተተለተለ ቡላ ውሻ ነበር። እሱ ከበላም በኋላ አይሄድም፤ እስከ ታክሲው ማቆሚያ ይሸኘኛል። በቄራው ሰዎች ፊት የዋጥኩትን መልስ ሁሉ መንገድ ላይ ለእሱ እነግረዋለሁ። ጥሩ ጥሩ መልሶች ነበሩ። የግቢው ዘበኛ አንድ ቀን ሰሙኝና፣ «ከሰው ጋር አፍ የለሽም፤ ከውሻ ጋር ግን ፓርላማ ነሽ» አሉኝ። ቡላው የእኔ የሆነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይመስለኛል።

ጎጆው ውስጥ ጫጩቱ ተፈለፈለ። እትዬ የሩቁን በሚያቀርበው መነጽራቸው ሲያዩት ይውላሉ፤ እኔን ግን አያሳዩኝም። ሊበር ጥቂት ሲቀረው የቀበሌው መኪና ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ በሰፈሩ ዞረ። ውሻ ያለው ሰው እንዲያስር፣ ባልታሰረው ላይ ለሚደርሰው ግን ማንም እንደማይጠየቅ ተናገረ።

እትዬ ውሾቹ እንደሞቱ እንዲቀበሩላቸው ሊለምኑ ወደ ከተማው ሰዎች ሄዱ። በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤታቸው በግምገማ ላይ፣ ሕዝብ ሥጋ ባጣበት ዘመን ለአሞራ ድግስ ደግሰዋል ብሎ ሲወቅሳቸው ነበር። ከከተማውም ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ። በማግስቱ ግን ውሻ ገዳዮቹን የሚመራው ሰውዬ ራሱ መጣ። ቦት ጫማ ያደረገ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ከአጥሩ ውጭ የተደረደሩትን ውሾች ሲያይ ሳቁ ጨመረ።

«እኛ በየመንደሩ የምናሳድዳቸውን እናንተ ሰብስባችሁ አስቀምጣችሁልናል። መርዙን እዚሁ እንስጣቸው፣ እዚሁ እንቅበራቸው። ወፎቻችሁም አይነኩ፣ እኛም አንደክም።»

እትዬ ወደ ዛፉ ቀና ብለው ቆዩ።

«ጉድጓዱን ዛሬውኑ ቆፍሩ» አሉ።

ሰውዬው ሲሄድ ሳልጠየቅ ተናገርኩ። ከተቀጠርኩ ጀምሮ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

«እትዬ፣ ቡላውን ዘበኛው ጋ ልሰረው?»

«ሲታሰር አይጮኽም?»

«ይጮኻል።»

«ከጮኸ ሌሎቹ ይሸሻሉ። የቀመሰው ሸሽቶ ወንዙ ዳር ቢሞት መጀመሪያ የምታገኘው ይቺ የዛፉ ላይ እናት ናት። ወደ ቤትሽ ውሰጂው።»

«አከራያችን አይፈቅዱም።»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ነገ ግን ጋሪውን እንደ ወትሮው አንቺ ነሽ የምትገፊው። አንቺን ካላዩ አይሰበሰቡም።»

ታክሲ ውሻ ስለማይጭን በእግር ወሰድኩት። አከራያችን በር ላይ ቆመው አዩን። «የአንቺ ሽታ አንሶን ነው ይሄን የጨመርሽው?» አሉ። አክስቴ ለመነችልኝ። ለአንድ ሌሊት ፈቀዱና፣ ገመድ ስለሌለኝ ከልብስ ማስጫቸው ላይ ቆርጠው ሰጡኝ። ቧንቧው ላይ አሰርኩት። ጠዋት ጥዬው ስወጣ ተነሥቶ ጅራቱን ቆላ፤ ወደ ሥራ አብረን የምንሄድ መስሎት ነው።

ግቢው በር ላይ ቦት ያደረገው ሰውዬ ጓንት ሰጠኝ። ውሾቹ እሱ ሲጠጋ ያፈገፍጋሉ፤ ስለዚህ ለእነሱ የተዘጋጀውን ሥጋ እኔ መዘርጋት ነበረብኝ። ዘርግቼ ገባሁ። እኔ፣ እትዬና ሰውዬው በበሩ ክፍተት እናይ ነበር። ውሾቹ እንደ ሌላው ቀን ሳይጣሉ ቀረቡ።

ያን ጊዜ ቡላው ከመንገዱ በኩል እየሮጠ መጣ። የተበጠሰው ገመድ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። የምግብ ሰዓቱ ነበርና ሰዓቱን ጠብቆ መጣ።

«ገመድ አለው» አልኩ። «ባለቤት አለው፣ ገመዱን እዩት።»

«ውሻን ገመድ አያድነውም፣ እህቴ» አለ ሰውዬው። «የታሰረበት ነው የሚያድነው።»

እትዬ እጄን ያዙ። የሚያዩት ግን ዛፉን ነው።

«ብትጮኺ ይበተናሉ።»

«አንዱን ብቻ ልጥራው።»

«አንዱን ስትጠሪ ሁሉም ይመጣል። ዝም በይ። ዝም እላለሁ ብለሽ አይደል የተቀጠርሽው?»

ጠራሁት። አልጮኽኩም፤ መንገድ ላይ እንደማወራው በዝግታ ጠራሁት። ከሁሉም ውሾች ቀና ያለው እሱ ብቻ ነበር። ሥጋውን በአፉ እንደያዘ ወደ በሩ መጣ፤ ጥሎት የመጣ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እግሬ ሥር ደርሶ ጅራቱን እየቆላ ዋጠው።

ብዙ አልቆየም። እግሮቹ እንደ እንጨት ደረቁ፤ ከዚያ መላ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። ዘበኛው ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው አዞሩ።

«ጥሩ ነው» አለ ሰውዬው ከአጥሩ ወዲያ እያየ። «አንዱም አላመለጠም።»

በገመዱ ጎትቼ ወደ ጉድጓዱ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ኖራ ተነሰነሰበት። ወፎቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው ያዩ ስለነበር፣ እትዬ አፈሩ እስኪሞላ ድረስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ነጠላቸውን እያወናጨፉ አባረሯቸው። አጠገባቸው ቆሜ ሳለሁ አንድ ጊዜም ወደ እኔ አላዩም።

ማታ ቤት ስደርስ አከራያችን ደጃፉ ላይ ነበሩ።

«ገመዴስ?» አሉኝ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጫጩቱ በረረ። ከጎጆው ወጥቶ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረና መጥቶ ከማረፊያው ሁሉ መርጦ አዲሱ አፈር ላይ አረፈ። እትዬ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። መነጽሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጡኝ።

«አየሽው?»

«አየሁት፣ እትዬ።» ራሱ መላጣ ነው፤ ሲራመድ ይንገዳገዳል።

መነጽሩን ተቀበሉኝና ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ከነገ ጀምሮ የውጩን ሥጋ እንደ ድሮው አድርጊ።»

«ውሻ እኮ የለም።»

«ይመጣሉ። ሲመጡ እዚሁ መሰብሰብ ይልመዱ። የከተማው ሰዎችም ይሄን አሠራር ወደውታል።»

በማግስቱ ጋሪዬን ሞልቼ ከቄራው ስወጣ በማረሚያ ቤቱ በኩል አንዲት ጥቁር ውሻ ብቅ አለች። አጥንቷ ይቆጠራል፤ ጡቷ ተንጠልጥሏል። ጋሪውን አሽትታ ተከተለችኝ። ጋሪውን አቆምኩና ድንጋይ አንሥቼ ወረወርኩባት። ጎኗን መታኋት። ጮኻ ትንሽ ራቀችና ቁጭ ብላ ታየኝ ጀመር።

«የአሞራ እናት ዛሬ ምን ነካት?» አለ ከቄራው በር ላይ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ።

ጋሪውን ስገፋ ተነሥታ እንደገና ተከተለችኝ። ቆምኩና ከፊተኛው የሚከብድ ድንጋይ ፈለግሁ።