የትል መድኃኒት ዘበኛ

መተማ፣ ከገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ፣ ዘበኛው በዚያ ሐሩር ካኪ ኮቱን እስከ ጉሮሮው ቆልፎ የኒም ቅጠል ይወቅጣል። ከጀርባው፣ በተቆለፈው በር ውስጥ፣ የትል መድኃኒት በበርሜል ተደርድሯል። ትሉ በስብሰባ «ፀረ-ሕዝብ» ተብሎ በጭብጨባ ተወግዟል፤ የማሾ ሰብሉን መብላቱን ግን አልተወም። የዘበኛው ማሳም ግማሹ ተበልቷል፤ የቀረውን የቅጠል ጭማቂ ረጭቶ ሊያተርፍ ነው።

«አያ ዘበኛ፣ ቁልፉን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ቅጠል ትወቅጣለህ?» አለችው ጎረቤቱ ውዴ፤ የእሷም ማሾ እያለቀ ነው።

«ትዛዝ ከጎንደር አልመጣማ!»

«እስኪመጣማ ትሉም የሚበላው አጥቶ በረሃብ ያልቃል። ክፈተው እንጂ!»

መውቀጡን አቆመ። «ከኔ በፊት ሳይታዘዝ የከፈተውን ዘበኛ ከዚያ ወዲህ አይተሽዋል?»

«ኧረ አላየሁትም።»

«እኔም።»

ውዴ ዘነዘናውን ተቀበለችው።