ያልተሳለችው መንጠቆ

ኦሬስት ቦድናርን ያወቅኳቸው ካልገሪ ከተማ የሚሠሩበትን ቢሮ ሳጸዳ ነው። ወለሉን ልወለውል ስገባ እግራቸውን ያነሡልኝ ነበር። ሌላው ሰው አያነሣም። መጻፍ ለምጄ አይደለም፣ ግን የነገሩኝ ነገር እንዲሁ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ሥራቸው ተራራ እንደ ዳቦ ቢቆረጥ ውስጡ ምን እንደሚመስል ወረቀት ላይ መሳል ነበር። የዚህ አገር ተራሮች ድንጋያቸው ንብርብር ነው፤ ከምዕራብ ተገፍቶ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቷል። ሥዕሉ ልክ የሚሆነው የተጣጠፈው ሁሉ ተመልሶ ሲዘረጋ የንብርብሮቹ ርዝመት እኩል ከሆነ ነው። ድሮ ኦሬስት በክር ይለኩት ነበር። በኋላ ኮምፒዩተር መጣና ማርጎ የምትባል ባልደረባቸው ታሰላው ጀመር።

ጡረታ ሊወጡ አራት ቀን ሲቀራቸው የመጨረሻው ሥዕል አልገጥም አለ። አርብ ፈርመው ለነዳጅ ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ማስረከብ አለባቸው። አንዱ ንብርብር ግን ስድስት መቶ አርባ ሜትር ይተርፋል።

«ኮምፒዩተርሽ ተሳስቶ ይሆናል» አሏት።

«የሰጠኸውን ነው የሚቆጥረው፣ ሽማግሌው» አለች ማርጎ። «ከፈለግህ እዚህ ጋ አንዲት ስንጥቅ ልጨምርልህ፣ ትርፉን ትውጠዋለች። ማንም አያያትም።»

«አንቺ ታያታለሽ።»

«እኔማ አርብ የመሸኛ ኬክህን እየበላሁ እሆናለሁ።»

ኦሬስት አልሳቁም። ደክሟቸዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ድንጋይ ሲለኩ ጉልበታቸው አልቋል፤ ለማረፍ የቀራቸው አንድ «እሺ» ብቻ ነበር። ግን የድሮ ደብተራቸውን አወጡ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እዚያው ተራራ ላይ ከአንድ ወንዝ ማዶ ላለ ገደል የጻፉትን ምልክት አዩት። ንብርብሩ የተገለበጠ ከሆነ ምልክቱ ላይ ትንሽ መንጠቆ ይሳላል። መንጠቆ የለውም። ያን ቀን በረዶ ስለነበር ወንዙን አልተሻገሩም፤ ከወዲህ ዳር ሆነው በርቀት ማያ መነጽር አይተው ነው የጻፉት።

ሐሙስ ጠዋት ማርጎ በመኪና ወሰደቻቸው። ከመንገዱ እስከ ገደሉ በእግር ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው።

«ትንሽ ተቀመጥ እንጂ» አለቻቸው።

«ከተቀመጥኩ አልነሣም።»

የጥንት ባሕር ሞገድ ድንጋዩ ላይ ያስቀረው ሸንተረር አለ። ከንብርብሩ በላይ መሆን ሲገባው ከሥሩ ነበር። ኦሬስት ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት።

«እና?» አለች ማርጎ።

«ተገልብጧል። ያኔም ተገልብጦ ነበር።»

«ኬኩስ?»

«እናንተ ብሉት። እኔ ሰኞ ሥራ እገባለሁ።»

ለአለቃቸው «ስህተቱ የእኔ ነው» ብለው ነገሩት፤ ቁፋሮውም ቆየ። በዚያች ምልክት ተደግፈው የተሳሉ ሌሎች ዘጠኝ ሥዕሎች ነበሩ። ሁሉንም አስተካክለው እስኪጨርሱ የዓመቱ በረዶ ወርዶ ቀለጠ። ትርፉ ወደ አሥራ አምስት ሜትር ሲወርድ ፈረሙና ጡረታ ወጡ። ያኔ ኬክ ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

አሁን ከካልገሪ ወጣ ብላ በምትገኘው ብላክ ዳይመንድ ከተማ፣ ድልድዩ አጠገብ ባለችው ቢጫ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ጉልበታቸው እምብዛም አያስወጣቸውም። እባካችሁ፣ በዚያ ስታልፉ ጎራ ብላችሁ ጠይቋቸው። ተራራ እንዴት እንደሚታጠፍ ሊያሳዩዋችሁ የጠረጴዛውን ልብስ በሁለት እጃቸው ይገፉታል። ስኒዎቹን ቀድማችሁ አንሡ።