ሜዳ ላይ የማይቆም ሾፌር

ገብረሰንበት ሜዳ ላይ መኪና አያቆምም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። የአሮጌ ላንድሮቨሩ ሞተሪኖ፣ ማለት ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን ቀስቅሶ የሚያስነሳው ዕቃ፣ ከተቃጠለ አሥር ዓመት ሆኖታል። ያለ እሱ መኪናው የሚነሳው ወይ ተገፍቶ ነው ወይ ቁልቁለት ላይ ተለቆ። ገብረሰንበት ደግሞ ሰው ማስገፋት አይወድም። ስለዚህ ከጅጋ እስከ ቡሬ ያለውን ቁልቁለት ሁሉ እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል። ተሳፋሪውም ለምዶ፣ በርበሬውንና በቆሎውን ተሸክሞ ዳገቱ ጫፍ ላይ ይጠብቀዋል።

ቀልደኞች “ገብረሰንበት የሚሳለመው ተራራ ላይ ያለ ደብር ብቻ ነው” ይሉታል። ሐሰት አይደለም። ሜዳ ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን መሪውን ሳይለቅ እጅ ነስቶ ያልፋል።

ችግሩ ልጁ አደይ የምትኖረው ሜዳ ላይ መሆኑ ነው። ከቡሬ መለስ ብሎ ያለው የባሏ የሀይሉ አገር ዝርግ ነው፤ እንቁላል ቢያስቀምጡበት አይንከባለልም። ገብረሰንበት በየበዓሉ ይሄዳል። ደጇ ላይ ይደርስና ሞተሩን ሳያጠፋ ስኳሩንና ጨርቁን በመስኮት ያቀብላል።

“ይግቡ እንጂ አባዬ” ትለዋለች።

“ሞተሩ እንዳይጠፋብኝ፣ ልጄ።”

ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ክርስትና ሲነሱም እንዲሁ አድርጎ ተመልሷል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከልጁ ቤት ተቀምጦ እህል ቀምሶ አያውቅም። የሰውን አባት ሁሉ ከልጁ ደጅ የሚያደርስ እሱ ነው፤ ያባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። በአውቶቡስ መሄድ አይችልም ነበር ወይ? ይችላል። ይህን ግን ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ራሱን አልጠየቀም።

በ1994 ዓ.ም. መባቻ አደይ ሴት ልጅ ወለደች። ክርስትናዋ ሲቃረብ ከቡሬ ገበያ በተመለሰ ሰው ላከችበት። መልእክተኛው ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ነበር፤ “ለዚህችኛዋ ከደጅ የሚመለሱ ከሆነ ቢቀሩ ይሻላል ብላዎታለች።”

ገብረሰንበት በማግስቱ መኪናውን እያንደረደረ ከዳኘው ጋራዥ ገባ። ዳኘው ድሮ የጦር ሠራዊት መካኒክ የነበረ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው።

“ለዚህ መኪና የሚሆን ሞተሪኖ አዲስ አበባም አይገኝ፣ ጋሼ” አለው። “ዋዝ ከሚሉት ከወደቀ የሩሲያ መኪና ላይ የፈታሁት አንድ አለኝ። ዓይነቱ ግን ሌላ ነው። እስቲ እናስማማቸው።”

“ካልተስማሙስ?”

“ያኔ ቁልቁለቱ አለልዎ።”

አልተስማሙም። የብሎኑ ቀዳዳ ከካምቢዮው ቤት ቀዳዳ ጋር አልገጥም ስላለ ዳኘው ከአሮጌ ካሚዮን ብረት ቆርጦ፣ በስቶ፣ ማያያዣ ሠራ። ሁለት ቀን ፈጀበት። ዓርብ ከሰዓት አስሮ ሲያበቃ ቁልፉን አዞረው። ጥርስ ከጥርስ ሲፋጭ የወጣው ጩኸት ከመንገዱ ማዶ የታሰረ በቅሎ አስበረገገ።

“አልሆነም” አለ ዳኘው። “ለእሑዱ ክርስትና አይደርስም፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ገብረሰንበት ከደረቱ ላይ ሸክም ሲወርድለት ተሰማው። በቃ፣ ሞክሯል፤ እምቢ ያለው ብረቱ ነው። እንደ ወትሮው ከደጅ ሰጥቶ ይመለሳል። ወዲያው ግን የቀለለው ነገር ራሱ አስደነገጠው። የልጁ ቤት እንዳይቀርበት የሚጨነቅ ሰው፣ ሲቀርበት እንዴት ደስ ይለዋል?

ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ሲሸሸው የኖረውን አሰበ። ሚስቱ ንግሥቴ በሞተች በዓመቱ፣ በ1985 ጥር፣ አደይን ዳረ። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል። “እናት የሌላት ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት አትውልም፤ ዳራትና ዕረፍ” አሉት ሰዎቹ። ዳራት፤ አላረፈም። የሙሽራ አባት ልጁን ተከትሎ አይሄድም፤ እሱ ግን ሰፈሩ ውስጥ መኪና ያለው ብቸኛ ሰው ስለነበር ሚዜዎቹንም እሷንም ጭኖ ራሱ አደረሳት። ሁሉም ሲወርዱ አደይ የወንበሩን ብረት ይዛ ቀረች። አላለቀሰችም። ዓይን ዓይኑን አየችው። ያኔ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ፣ “ውረጂ ልጄ፣ ሞተሩ እንዳይጠፋብኝ” ያላት።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ያች ቃል ዘጠኝ ዓመት ይዛው ሄደች። አፈረ። ብቻውን ተቀምጦ ፊቱ ጋለ።

ተነስቶ ከመኪናው ውስጥ ለክርስትናው የገዛውን ጧፍ አወጣ። ልጅ ሳለ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ጧፍ ሲሠራ የጣቱ መስመር ሳይቀር ሰሙ ላይ ሲታተም ያይ ነበር።

“ዳኘው፣ ጥርሶቹ ምን ያህል እንደሚገባቡ አታየውም አይደል? በሰም እንየው።”

ዳኘው ጧፉንም ሰውዬውንም ተመለከተ። ከዚያ ሰሙን በእጁ አሙቆ፣ ቮላኖ የሚሉት ትልቁ የሞተሩ ጥርሳም ክብ ላይ ለጠፈ፤ ሞተሪኖውን መልሶ አሰረና በእጁ አዟዟረው። ሲፈታው ትንሹ ጥርስ ሰሙን በጥሶ ከብረቱ ደርሷል። ከልክ በላይ ገብቷል ማለት ነው። ስስ ብረት ጨምሮ ራቅ አደረገው። አሁን ደግሞ ሰሙን ጫር ብቻ አድርጎታል። ሞረደ፣ ለጠፈ፣ አሰረ፣ ፈታ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰሙ ጥርት ብሎ ታትሞ፣ ከሥሩ የቅጠል ውፍረት ያህል ብቻ ቀርቶ ወጣ።

“እንዲህ ነው” አለ ዳኘው። “ሙጭጭ ብለው ከተናከሱ ይሰባበራሉ፤ ከተራራቁም በባዶ ይዞራል።”

 በባዶ መዞርን ከገብረሰንበት የበለጠ የሚያውቀው አልነበረም። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ።

እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ግብሩ ላይ ሳለ አደይ ደጅ የመኪናውን ድምፅ ሰማች። ቀጥሎም ድምፁ ቀጥ ሲል ሰማች። እጇን እንኳ ሳትታጠብ ወጣች።

“ምነው አባዬ፣ ጠፋብዎ? ሰዎቹ ይግፉልዎት?”

“አልጠፋም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።”

 ሞተሩ ጸጥ ሲል ሜዳው ይህን ያህል ጭር ያለ መሆኑን ገብረሰንበት ያን ቀን አወቀ። የሚሸፍንለት ድምፅ አልነበረም።

“አደይ፣ ያን ጊዜ ልጅ ነበርሽ” አለ። “እያወቅሁ ነው ጥዬሽ የሄድኩት። ዓይንሽን ላለማየት ነው ስሸሽ የኖርኩት።”

 አደይ ወደ ቤት ገባች፤ እሱም ተከተላት። መደቡ ላይ አስቀመጠችውና ሕፃኗን አምጥታ እጁ ላይ አኖረችለት።

“ይያዙልኝ፤ እጄ ወጥ ነው” አለችና ወደ ጓዳ ተመለሰች። እዚያ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ገብረሰንበት ተሰናብቶ መኪናው ውስጥ ገባ። አደይ እንደ ዘጠኝ ዓመቱ ሁሉ እጇን አጣጥፋ ደጅ ቆማለች። ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ዝርጉ ሜዳ ላይ ያለ ማንም እገዛ ተነሳ። ሀይሉና ጎረቤቶቹ አጨበጨቡ። እሷ አላጨበጨበችም። ገብረሰንበት ዞሮ ተመለከታት። ከዚያ ሞተሩን መልሶ አጠፋው።

“ምነው፣ እምቢ አለዎ?” አለችው ቀረብ ብላ።

“እምቢስ አላለም” አለና ወረደ። “ማደሪያ አላጣም ብዬ ነው።”

አደይ ቁልፉን ከእጁ ተቀበለችና ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው።